ሁለት ስባሪ በአንድ ቀዳዳ

ማስኪዮው ቀጭ ብሎ ሲሰበር ሰይፈ መጀመሪያ ያየው ቀዳዳውን አልነበረም፤ ሚስቱን ነበር። ስናፍቅሽ በረንዳው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የቢሮ ሸሚዟን ቁልፍ እየተከለች ነበር። ቀና አላለችም። መርፌዋ ግን ቆመ።

«ምን ነበር?» አለች፣ ነገሩ ብዙም ያልገረማት መስላ።

«ምንም።»

«ምንም እንዲህ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም።»

ማስኪዮ ማለት ቀዳዳ ውስጥ እየተሽከረከረ ለብሎን የሚሆን ጥርስ የሚያወጣ ብረት ነው። ጠንካራ ነው፤ ክብሩም መከራውም ከዚያ ይመጣል። አይጎብጥም፣ ይሰበራል። ተሰብሮ ቀዳዳ ውስጥ ከቀረ ደግሞ መብሻው ፑንታ አይበሳው፣ መሞረጃው ሊማ አይሞርደው፣ ልመና አይሰማ። ሰይፈ ቃሊቲ አንድ የመለዋወጫ ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ቶርኖ የሚባለው የብረት መቅረጫ ማሽን ላይ የቆመ ሰው ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት የሰበረው ማስኪዮ አንድ ብቻ ነው፣ እሱንም መብራት ሄዶበት ነው። ይህን ታሪክ ሃርጌሳ ውስጥ ያልሰማ ሐበሻ ካለ ትናንት የገባ ነው፤ እሱም እስከ ነገ ይሰማዋል።

አሁን ሰይፈ የአንድ እርዳታ ድርጅት ጀነሬተር ጠጋኝ ነው። ስናፍቅሽ አየር መንገድ ቢሮ ትኬት ትቆርጣለች። 31 ሜይ ሰፈር፣ ዓብዲረዛቅ ከሚባል ሰው ሁለት ክፍል ተከራይተው አምስተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። ከግንቡ ወዲያ ማዶ የዓብዲረዛቅ እናት ሆዶ ትኖራለች። እዚያ ሀገር ትልቅ ሴት «ኤዶ» ተብላ ስለምትጠራ ሰይፈም ኤዶ ሆዶ ይላታል። ድሬዳዋ በስደት ሳለች ወርቅ ስትነግድ የኖረች ናት፤ አማርኛዋ ከነአራዳነቱ እስካሁን አብሯት አለ።

አሁን ብረት ማሰሪያው ሞርሳ ላይ ታስሮ የማስኪዮውን ስባሪ የዋጠው የናስ ቁራጭም የሷው ንብረት ነበር። የሟች ባሏ የሐጂ ጠመንጃ የሰደፍ ክዳን ነው። ጠመንጃው ከተኮሰ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ መምቻው ወልቆ ተጥሏል፤ ዛሬ አንበሳ ቀርቶ ድመት አያስደነግጥም። ነገር ግን በሆዶ ቤት ሠርግ ሲኖር ከቤቱ ወንዶች አንዱ ያን ጠመንጃ አንግቶ በር ላይ ቆሞ እንግዳ ይቀበላል። ሐጂ ያወጡት ደንብ ነው። ባለፈው ሠርግ ማንገቻው የሚታሰርበት ቀለበት ተነቅሎ ጠመንጃው የአንድ የተከበሩ እንግዳ እግር ላይ ወደቀ። እንግዳው እስከ ዛሬ ሲያነክሱ ወደ ሆዶ ቤት እያዩ ነው። ዘንድሮ የልጅ ልጇ ኒካህ ሐሙስ ነው፤ ጠመንጃውን የሚያነግተውም የሴት ልጇ ባል፣ ዓብዲዋሀብ። አዲስ ቀለበት ያስፈልጋል፤ ለቀለበቱ ብሎን፣ ለብሎኑ ጥርስ ያለው ቀዳዳ።

ቀዳዳውን ዓብዲዋሀብ ራሱ ሊበሳ ፈቀደ። ማንም አልለመነውም።

ዓብዲዋሀብ አዲስ አበባ ኢንጂነሪንግ ተምሮ የመጣ፣ «ፕሮጀክት ማኔጀር» የሚል ካርድ በየኪሱ የሚያስገባ፣ ሸሚዙ አንዴ ከተተኮሰ የማይጨማደድ ሰው ነው። ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር ባለው ቤቱ አንዱን ክፍል ወርክሾፕ አድርጎታል። ሙያውን የተማረው ከስልኩ ነው። ከዱባይ ያስመጣው የፑንታ ሳጥን አለው፤ አሥራ ሦስት ፑንታ፣ እያንዳንዱ ቁጥሩ በተጻፈበት መቀመጫ ላይ ተኝቶ፣ ሰማያዊ ከፋይ ለብሶ። እንግዳ ሲመጣ ከሻሂ በፊት ሳጥኑ ይቀርባል። ሰይፈም ሁለት ጊዜ ቀርቦለታል። ሁለቱንም ጊዜ «ጥሩ ነው» ብሎ ዘግቶ መልሷል፤ ያንን ያህል ፑንታ በእንቅልፍ ልቡ ሲስል የኖረ ሰው ሌላ ምን ይበል።

ቅዳሜ ጠዋት ዓብዲዋሀብ የናሱን ክዳን በጨርቅ ጠቅልሎ መጣ።

«አቶ ሰይፈ፣ ቀዳዳውን በአምስት ቁጥር በስቼዋለሁ፤ አሥራ ሁለት ሚሊ ጥልቀት። ጥርሱን ብቻ ያውጡልኝ። ይህንን ለማንም አልሰጥም፤ እንደ እርስዎ ያለ እጅ እዚህ ከተማ የለም።»

ሰይፈ ክዳኑን አገላብጦ አየ። ከጀርባው ወፍራም ጉብታ አለ፤ ቀዳዳው እዚያ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፣ ወደ ማዶ አያልፍም።

«ውስጡ ያለው ምንድን ነው?»

«ሰም ነው። ቪዲዮው ላይ ማስኪዮ ያለሰልሳል ብለው ነው።»

ሰይፈ ሳቀ። ጎበዝ ሠራተኛ በዚህ ጊዜ ሰሙን አውጥቶ፣ በሽቦ ለክቶ፣ ወለሉን ነካክቶ ነበር የሚጀምረው። ተለማማጅ ሆኖ ይህን ሳያደርግ የጀመረ ሰው በሰይፈ እጅ ጆሮው ይጠመዘዝ ነበር። ግን «እንደ እርስዎ ያለ እጅ የለም» የሚለው ቃል ገና ጆሮው ውስጥ እየሞቀ ነበር። ስድስት ቁጥር ማስኪዮውን አነሣ፤ ፋብሪካው ሲዘጋ የወሰደው፣ ከአገልግሎት ካሳው ሁሉ የሚበልጥበት ማስኪዮ። ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ወደ ኋላ። አራት ሚሊ ገባ። ከዚያ ቀጭ አለ።

አሁን የስናፍቅሽን መርፌ ተቀብሎ በስባሪው ጎን ባለው ቦይ ወደ ታች ሰደደው። ናስ በመርፌ ሲነካ ይቧጨራል። ይህ ግን አልተቧጨረም፤ መርፌውን አጎበጠው። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ወስዶ፣ መልሶ አወረደና በባትሪ አየ። ከሰሙ ሥር፣ ከሱ ስባሪ በታች፣ የተጠማዘዘ ብረት አንጸባረቀ። ፑንታ። ቀድሞ የተሰበረ፣ በሰም የተሸፈነ፣ በላዩ የናስ ብናኝ የተነሰነሰበት አምስት ቁጥር ፑንታ።

«ቀብሮት ነው» አለ ሰይፈ በዝግታ። «ሰብሮ፣ ቀብሮ፣ አፈር አልብሶ፣ መቃብሩ ላይ እንድቆም እኔን ጠራኝ።»

«ሳትነካካው ጀመርክ?»

«ስናፍቅሽ፣ አሁን ያ ነው ጥያቄው?»

«መጠየቄ ነው። እኔ እንኳ ድንች ስልጥ ውስጡን አያለሁ።»

ሰይፈ ስልኩን አንሥቶ ደወለ። ዓብዲዋሀብ ሰይፈን እስኪጨርስ ድረስ በትዕግሥት ሰማው፤ በትዕግሥት መስማት ከኮርስ የወሰደው ይመስላል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አቶ ሰይፈ፣ እኔ ንጹሕ ቀዳዳ ነው የሰጠሁዎት። አይዘኑ። የዕድሜ ነገር ነው፣ እጅ ይደክማል» አለው።

እጅ ይደክማል። ሰይፈ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና እጆቹን አያቸው። ሃምሳ አራት ዓመታቸው ነው። ቀጥ አድርጎ ዘረጋቸው። አልተንቀጠቀጡም። በንዴት እንኳ አልተንቀጠቀጡም፤ ይህንንም ለስናፍቅሽ አሳያት፣ ከዚያም ውኃ ለማውረድ ለመጣው የቦቴ ሹፌር ሳይጠየቅ አሳየው።

ወሬ ከቦቴ ይፈጥናል። ከቀትር በፊት ማዕዘኑ ላይ ባለችው ሻሂ ቤት «ሐበሻው የሐጂን ጠመንጃ ነካ» ተባለ። ከሰላት በኋላ «ሰበረ» ሆነ። ጫት ቤቶች ሲከፈቱ ጠመንጃው ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ማግስቱን ሰይፈ ቢሮ ሲገባ ዘበኛው ትከሻውን ነካ አድርጎ፣ በሀዘን፣ «በስንት ሸጥከው?» አለው።

እሑድ ማታ ገና ሳይመሽ ዓብዲረዛቅ መጣ። ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነው፤ ዛሬ ግን ሳቁን ቤቱ ትቶ ነበር የመጣው።

«ሰይፈ ወንድሜ፣ ያ የዋስነት ወረቀት አለ አይደል?»

ነበር። የሰይፈ ድርጅት የውጭ ሀገር ሠራተኞቹን ውል የሚያድሰው አከራያቸው ስለ ጠባያቸው ዋስ ሆኖ ሲፈርም ነው። ቀነ ገደቡ ሐሙስ። ካልተፈረመ ውሉ የለም፤ ውሉ ከሌለ መኖሪያ ፈቃዱ የለም፤ ፈቃዱ ከሌለ ሰይፈ ሃምሳ አራት ዓመቱን በሻንጣ ይዞ ወጃሌ ድንበር ላይ ነው።

«አለ» አለ ሰይፈ።

«የእናቴ ነገር ሳይለይ ብዕር አላነሣም። ወላሂ አንተን ጠልቼ አይደለም። ግን ለጠባዩ ዋስ ነኝ ብዬ ልፈርም፣ ሰውዬው የአባቴን ጠመንጃ ሰብሮ በአማቻችን ያሳብባል እየተባለ?»

«ዓብዲረዛቅ፣ በቀዳዳው ውስጥ ሁለት ስባሪ ነው ያለው። አንዱ የኔ ነው፤ አልካድኩም። ሥሩ ያለው የሱ ነው።»

«ይታያል?»

«በመርፌ ይነካል። በባትሪ ትንሽ ያበራል።»

ዓብዲረዛቅ አጎንብሶ በአንድ ዓይኑ ቀዳዳውን አየ። በሌላውም አየ። «ወንድሜ፣ እኔ የሚታየኝ ጥቁር ነገር ነው» አለና ወጣ።

ሰኞ ሰይፈ የናሱን ክዳን በኪሱ ይዞ አንድ ክሊኒክ ሄደ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ራጅ ሥጋን አልፎ አጥንት ካሳየ፣ ናስን አልፎ ብረት የማያሳይበት ምክንያት የለም። ወረፋ ጠበቀ። የራጅ ባለሙያዋ ክዳኑን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ አየችው።

«ይህ የማን ነው?»

«የሐጂ።»

«ሐጂ የት አሉ?»

«ሞተዋል።»

ባለሙያዋ ክዳኑን በጥንቃቄ መዳፉ ላይ መልሳ አስቀመጠችለትና፣ አላህ ይማራቸው ብላ ቀጣዩን ጠራች።

ሰይፈ ወደ ቤት ሲመለስ መንገድ ላይ ያገኘውን ጠጠር ሁሉ በእግሩ እየመታ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት። አንድ ማስኪዮ፣ እሱም መብራት ሄዶ። አሁን በስልክ ሙያ የተማረ ሰው ጥፋቱን በሰም ለብጦ በሱ ስም ይቀብር። ደግሞ «አቶ ሰይፈ» እያለ። ሰይፈን ከሁሉ በላይ ያንገበገበው «እርስዎ» ነው። ሰው በ«አንተ» ቢክደው ይሻለው ነበር።

ማግስቱን ጠዋት ጢሙን ሲላጭ ቆረጠው። እንደ ልማዱ ሻቡን አነሣ፤ ደም የሚያቆመውን፣ ብርሃን የሚያሳልፈውን ነጭ ድንጋይ። ጉንጩ ላይ እንዳደረገው እጁ ቆመ። ስናፍቅሽ ከበሩ አየችው።

«ምን አስታወስክ?»

«ምንም።»

«እንደገና ምንም?»

ሰይፈ ሻቡን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየው። «ፋብሪካ እያለን አንድ ሽማግሌ አለቃ ነበረን። ናስ ውስጥ የተሰበረ ብረት በሻብ ያወጣ ነበር። ሻቡን በውኃ ታሟሟለህ፣ ናሱን ከተህ ትቀቅለዋለህ። ሻቡ ናሱን አይነካውም። ብረቱን ግን ይበላዋል፤ ቀስ ብሎ፣ እስኪያልቅ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

«ስናፍቅሽ፣ ሁለቱንም ነው የሚበላው።»

ስናፍቅሽ ገባት፤ ገብቷትም በሩን ተደግፋ ቆመች። ሆዶ ጠመንጃዋን ለሐሙስ ታገኝ ዘንድ ብረቱ መውጣት አለበት። ብረቱ ከወጣ ደግሞ የዓብዲዋሀብ ፑንታ ጥቁር ውኃ ሆኖ ይፈሳል። በዓለም ላይ ለሰይፈ የሚመሰክርለት ነገር ያ ስባሪ ብቻ ነው፤ እሱም ያለው የሆዶ ንብረት ውስጥ ነው። ካወጣው ስሙ ይጠፋል፤ ካላወጣው ጠመንጃው።

«የራሴን ምስክር በገዛ እጄ ልቀቅል?» አለ ሰይፈ። «አልቀቅልም። እንዳለ ይቀመጥ። መቶ ዓመት ይቀመጥ።»

«ሐሙስ ነው ሠርጉ።»

«የኔ ቀነ ገደብም ሐሙስ ነው።»

ረቡዕ ጠዋት ሆዶ አስጠራችው። ግቢዋ ውስጥ ከግንቡ ጥላ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ሰባ ዓመት ያለፋት፣ ቀጭን፣ ዓይኗ እንደ ሚዛን ዝንፍ የማይል ሴት። ዓብዲረዛቅ ከጎኗ በርጩማ ላይ ነው። ዓብዲዋሀብ የለም። ማለትም አለ፤ ከግንቡ ውጭ። በእነሱ ወግ ወንድ ልጅ የሚስቱን እናት ያፍራል፤ ፊት ለፊት ተቀምጦ አይከራከራትም፣ እሷም በሰው ፊት አታሳጣውም። ሌላ ቤት ያን ያህል አይከርም ይሆናል፤ በሆዶ ቤት ግን ዓብዲዋሀብ ካገባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ አማቱን ያያት ከጎን ብቻ ነው። ስለዚህ አሁንም ከግንቡ ማዶ ቆሞ ይሰማ ነበር፤ ከግንቡ በላይ የሚታየው የፀሐይ መነጽሩ ብቻ ነው።

ፑንታው ለምን እንደተቀበረም ሰይፈ በዚያች ቅጽበት ገባው። ዓብዲዋሀብ የፈራው ስድብ አይደለም። አማቱ ዘንድ «አላወቀበትም» መባልን ነው። ገባው፤ ንዴቱን ግን ጭራሽ አላበረደለትም።

«ኤዶ ሆዶ፣ የምለውን ልበል» ብሎ ጀመረ ወደ ግንቡ ዞሮ። «አሥራ ሁለት ሚሊ የተበሳ ቀዳዳ ውስጥ የኔ ማስኪዮ አራት ሚሊ ላይ ምን ነካው? ግንቡ ይመልስልኝ።»

ግንቡ ጉሮሮውን ጠረገ። «ዓብዲረዛቅ፣ ለአቶ ሰይፈ ንገርልኝ፤ እጅ ሲደክም ማስኪዮ ይዘማል፤ ሲዘም ይሰበራል።»

«እጄ ደክሟል? ደክሟል?» ሰይፈ ሁለቱንም እጁን ከግንቡ በላይ አነሣ። «ይህ ነው የሚንቀጠቀጠው? መነጽርህን አውልቀህ እይ እንጂ!»

«ሰይፈ» አለች ሆዶ። ድምጿ ከፍ አላለም። «እጅህን አውርድ፤ ግንቡ እጅህን አይቶታል። እኔ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። ብረቱ እስከ ነገ ይወጣል?»

«ኤዶ፣ መጀመሪያ ማን...»

«ማን አላልኩም አቦ። ይወጣል ወይ ነው ያልኩት።»

ሰይፈ እጆቹን አወረደ። አይወጣም ቢል ይታመናል፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ግቢው ውስጥ የለም። አፉንም ከፈተ። ግን ሴትየዋ ጭኗ ላይ ያስቀመጠችውን አየ፤ አዲሱን የቆዳ ማንገቻ፣ በገዛ እጇ ዳር ዳሩን ቀይ ክር የሰፋችበትን። ሐጂ ይህን ቀለም ይወዱ ነበር ብላ አምና ነግራዋለች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሚወጣን ነገር አይወጣም ብሎ አያውቅም። ያ ደግሞ ከማስኪዮው ታሪክ ጋር የተያያዘ ክብር ነው።

«ይወጣል» አለ፣ ሰው በጉልበት ጥርሱን እንደነቀለው። «በሻብ። ግን ስሚኝ ኤዶ፤ የሚቀቀለው የኔ ምስክር ነው። ይህን እያወቅኩ ነው የምቀቅለው። ይመዝገብ።»

«ማን ይመዝግብ?» አለ ዓብዲረዛቅ።

«እኔ እንጃ። አንድ ሰው ይመዝግብ።»

ሆዶ አንገቷን ነቀነቀች። ሻብ ሲባል የገረማት አይመስልም። «ወርቅ ሠሪዎቼም ቀለበት ውስጥ የተሰበረ ፑንታ በሻብ ነበር የሚያወጡት» አለች። «ማሰሮው ብረት አይሁን። የአሉሚኒየም ድስት አምጡ። እዚሁ፣ እፊቴ ይቀቀል።»

ተቀቀለ። ከረፋዱ ሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት። ሰይፈ ክዳኑን ቀዳዳውን ወደ ላይ አድርጎ ከተተው፤ ውኃው ሲሞቅ ከቀዳዳው አፍ ትንንሽ አረፋ በተርታ መውጣት ጀመረ፤ ብረቱ እየተበላ ነው። ሰይፈ እያንዳንዷን አረፋ ሲያይ ከስሙ የተቆረጠች ይመስለው ነበር። ስናፍቅሽ ለምሳ ዕረፍት መጥታ ድስቱን አየችና፣ «ምን እየቀቀላችሁ ነው?» ስትል፣ «ስሜን» አላት። ፍየሎቹ እንኳ መጥተው አሽትተው ሄዱ። ዓብዲዋሀብ ሁለት ጊዜ ከግንቡ ማዶ፣ «አለቀ?» ሲል ጠየቀ። ሰው የሌላውን ስባሪ ማለቅ ለምን እንዲህ ይናፍቃል ብሎ ሰይፈ ለድስቱ ነገረው።

ሆዶ ከድስቱ አጠገብ አልተነሣችም። ብዙ ዓመት ወርቅ ሠሪ ብናኝ እንዳይሰርቃት እሳት ዳር የጠበቀች ሴት ናት፤ መጠበቅ ታውቅበታለች። ውኃው ሲጎድል ታስጨምራለች፣ አረፋው ሲቀንስ ሻብ ታስጨምራለች።

ስምንት ሰዓት አልፎ ጥቂት ሲቆይ ከቀዳዳው ሥር የሚመጣው አረፋ ቆመ። ከላይ ያለው ቀጠለ። ሆዶ ወደ ሰይፈ አየች። ሰይፈም አያት። ርካሹ ብረት ቀድሞ አልቋል፤ የሱ አሮጌ ማስኪዮ ገና ይታገላል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ክዳኑን አውጥታ በነጭ ጨርቅ ላይ ገለበጠችው። ጥቁር ውኃ ፈሰሰ፤ ከዚያ ምስር የምታክል፣ ዙሪያዋ የተበላ የብረት ፍሬ ዱብ አለች። ከሷ በኋላ ምንም።

«አንድ ነው» አለ ዓብዲረዛቅ።

«አንድ ነው» አለ ግንቡ፣ ደስ ብሎት።

ሰይፈ ፍሬዋን በጨርቅ ቋጥሮ ኪሱ ከተተ። የሚለው ሁሉ ድስቱ ውስጥ ጠቁሮ ተኝቷል።

ሆዶ የራስ ሻሿን መርፌ ነቅላ ቀዳዳው ውስጥ ሰደደች፤ ወለሉን ሲነካ በአውራ ጣቷ ጥፍር ምልክት ያዘች። ከዚያ የሰይፈን ማስኪዮ፣ እጀታው ላይ የቀረውን ጉማጅ፣ ተቀበለችና ጥርሱ ላይ ናስ የነካበትን ቢጫ ክምችት ከመርፌው ጋር አስተያየችው። አራት ሚሊ። አሥራ ሁለት ሚሊ። የጎደለውን ስምንት ሌላ ነገር ሞልቶት ነበር። ጉማጁን መልሳ ሰጠችው። ፊቷ ላይ ምንም አልተነበበም።

«ጥርሱን አውጣልኝ» አለች።

ሰይፈ በሁለተኛው ማስኪዮው አወጣ። ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ወደ ኋላ፤ በዚህ ጊዜ ግን ወለሉን መጀመሪያ በሽቦ ነካክቶ። አሥራ ሁለት ሚሊ ድረስ እንደ ቅቤ ሄደ። ቀለበቱን አሰረ፣ ማንገቻውን አስገባ፣ ጎተተው። ሆዶም ጎተተችው።

ከዚያ ወደ ልጇ ዞራ፣ ለግንቡ እንዲሰማ አድርጋ፣ «ለሙያተኛ ለእጁ የሚስማማ ስጦታ ይሰጠዋል» አለች። «አማቻችን አንድ የዱባይ ሳጥን አለው ይላሉ። ለሰይፈ በኔ ስም ይስጥልኝ።»

መነጽሩ ከግንቡ ሥር ጠልቆ ጠፋ፤ መልሶ ብቅ አለ።

«የትኛው ሳጥን?» አለ ግንቡ።

«ሳጥን ስንት አለው?» አለች ሆዶ ለዓብዲረዛቅ። «አንተ ሂድና ከሚስቱ ተቀበል። እሱ እዚሁ ይቁም፤ ፀሐይ ነው፣ አይድከም።»

ዓብዲረዛቅ በመኪና ማሕሙድ ሃይቤ ደርሶ ሲመለስ ሃያ ደቂቃ አልፈጀበትም። ሆዶ ሳጥኑን ሳትከፍት በመሐረብ አሰረችው። «ቤትህ ሄደህ ክፈተው» አለች ለሰይፈ። «እዚህ አይከፈትም።» ከዚያ የወረቀቱን ነገር አነሣች፤ ዓብዲረዛቅ ብዕር ፈልጎ እስኪያገኝ ኪሱን ሁሉ ደባበሰ። ፈረመ።

ሰይፈ ቤቱ ገብቶ፣ መሐረቡን ፈትቶ፣ ሳጥኑን ከፈተ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ ሰማያዊው ከፋይ ላይ በተርታ ተኝተዋል። ስድስት አለ። ሰባት አለ። አምስት ቁጥር መቀመጫ ባዶ ነው።

«ይኸው!» አለ። ድምፁ ሦስት ቤት አልፎ ተሰማ። «ይኸው! ይኸው! ስናፍቅሽ፣ እይው! አውቃለች! አውቃ ነው የላከችልኝ!»

«አየሁ።»

«እኔ እኮ ይህንን ነው ያልኩት! አሁን ሄጄ ግቢው መሀል ሳጥኑን ከፍቼ...»

«ከፍተህ ምን ትላለህ?»

«አምስት ቁጥር የታለ እላለሁ! በሰው ሁሉ ፊት!»

ስናፍቅሽ ወረቀቱን ከኪሱ አውጥታ ፊርማውን አየችና አጥፋ መለሰችለት። «እሷ ልትሰጥህ የምትችለውን ሁሉ ሰጥታሃለች» አለች። «በሰው ፊት አማቿን አታሳጣም። እውነቱን የሰጠችህ በመሐረብ አስራ፣ አንተ ቤት እንድትከፍተው ነው። አሁን ሄደህ ብትጮህ ያሳጣሃት እሷን ነው።»

«ታዲያ የኔ ስምስ?»

ሰይፈ ተነሥቶ ክፍሉን ሁለት ጊዜ ዞረ። ወደ በሩ ሄዶ ተመለሰ። በመጨረሻ እጁን ኪሱ ከትቶ በጨርቅ የቋጠራትን ምስር አወጣ፤ በሻብ የተበላች የራሱ ማስኪዮ ስባሪ። አምስት ቁጥር መቀመጫ ላይ አስቀመጣት። አልሞላችም። በጠፋ ጥርስ ቦታ ላይ እንደተቀመጠ ፍርፋሪ ትታይ ነበር።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ የሆዶ በር ላይ ድንኳን ተተክሎ፣ ወንበር ተደርድሮ፣ ሽቶ ተረጭቶ ነበር። ሰይፈና ስናፍቅሽ ተጠርተዋል። በር ላይ ዓብዲዋሀብ በነጭ ልብስ፣ በሚያብረቀርቅ ጫማ፣ የሐጂን ጠመንጃ አንግቶ ቆሟል። ቀዩ ክር ከሩቅ ይታያል። እንግዳው ሁሉ ሲገባ ቀለበቱን እየነካ ያደንቃል፤ ያ ባለፈው እግራቸው የተጎዳው የተከበሩ እንግዳ እንኳ በአንድ እርምጃ ርቀት ቆመው ጠመንጃውን በጥርጣሬ ካዩ በኋላ፣ «ማን ሠራው?» አሉ።

«እኛው ነን» አለ ዓብዲዋሀብ። «እኔ ራሴ ነኝ የበሳሁት።»

ሰይፈ ከኋላቸው ነበር። ስናፍቅሽ ክንዱን ያዘችው። ባትይዘው ምን ይል እንደነበር እሱም አያውቅም፤ ነገር ግን «እኛው ነን» የሚለው ቃል ጆሮው ውስጥ እንደ ፑንታ እየተሽከረከረ ገባ። በስሙ ላይ ተሰብሮ የቀረው ሳይበቃ፣ የወጣው ጥርስም ተወሰደበት።

ዓብዲረዛቅ ከድንኳኑ እየሳቀ መጣ፤ ሳቁን መልሶ አግኝቷል። «ሰይፈ ወንድሜ! ሳጥኑን ወደድከው?»

ጥያቄው በደግነት የተጠየቀ ነበር። ግን በሩ አካባቢ ያሉት ሁሉ ሰሙት። ዓብዲዋሀብ ሰማው፤ መነጽሩ ወደ ሌላ ዞረ። ውስጥ፣ ከሴቶቹ መካከል ከመጋረጃው ጎን፣ ሆዶም ሰማችው፤ ተነሥታ አልመጣችም፣ አንገቷን ብቻ ዞር አደረገች። ሰይፈ አፉ ውስጥ የነበረው ቃል አንድ ብቻ ነበር፤ የቁጥር ስም። ሊለው ይችል ነበር። ማንም አይከለክለውም፤ ወረቀቱ ጠዋት ድርጅቱ ገብቷል።

«ጥሩ ሳጥን ነው» አለ። «አንድ ቦታው ክፍት ነበር። የሚገባበትን አግኝቼለታለሁ።»

ሆዶ አንገቷን መለሰች። ዓብዲረዛቅ ምንም አልገባውም፤ ትከሻውን መታ አድርጎት አለፈ። ዓብዲዋሀብ ግን ጠመንጃውን ከቀኝ ትከሻው ወደ ግራው አዞረ፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ። በዚያ ከሰዓት ሙሉ አንዱ ትከሻ አላረፈለትም።

ሰይፈ ድንኳኑ ውስጥ ምግብ ቀርቦለት አልበላም። ዓይኑን ከቀለበቱ አልነቀለም። ይነቀል ዘንድ ሃያ ጊዜ ተመኘ፤ ዓብዲዋሀብ ባጎነበሰ ቁጥር፣ ጠመንጃው በተወዛወዘ ቁጥር፣ ያ ጠመንጃ በዚያ ጫማ ላይ ሲወድቅ በሐሳቡ አየ። በተወዛወዘ ቁጥር ግን ደግሞ እጁ ሳያስበው ወንበሩን ይጨብጥ ነበር፤ ቢነቀል የሚሞተው እሱ ነው፤ ሥራው የእጁ ነው።

አልተነቀለም። አሥራ ሁለት ሚሊ ነው።